በአውራ ጣቴ የሸፈንኩት ባጃጅ

ነገሩ የጀመረው ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ነው። ሸዋ ሮቢት በዚያ ሰዓት ምን እንደምትመስል የሚያውቅ ያውቃል፤ የማያውቅ ደግሞ ዳቦ መጋገሪያ ውስጥ አንገቱን አስገብቶ ትንሽ ቢቆይ ይገባዋል። አስፋልቱ ይለሰልሳል፣ ውሻው ባጃጅ ሥር ገብቶ ይተኛል፣ ሰው ሰላምታውን እንኳ በግማሽ ነው የሚሰጠው። እኔ መስኮቴ አጠገብ ተቀምጬ ከነጠላ ጫማ ሶል የመኪና ጎማ እየቆረጥኩ ነበር። በመጀመሪያ "ጓ" የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቀጥሎ የብርጭቆ መርገፍ፣ ቀጥሎ ዝምታ፣ ቀጥሎ ደግሞ የሰይድ ድምፅ መጣ፤ "ወላሂ ቆሜ ነው፤ ቆሜ እኮ ነው" ይላል።

ወደ ሰይድ ከመሄዴ በፊት ስለ ጎማው ማስረዳት አለብኝ። ካላስረዳሁ፣ ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ የያዘች ሴት ቅዳሜ ከሰዓት ነጠላ ጫማ የምትቆራርጠው ምን ብትሆን ነው ብላችሁ ልታዝኑልኝ ትችላላችሁ።

ትንንሽ መኪና እሠራለሁ። መጫወቻ አይደለም። መጫወቻ የትኛውንም መኪና ይመስላል፤ የኔ ግን አንድን መኪና ብቻ ነው የሚመስለው፣ ያውም ሃያ አራት ጊዜ ተቀንሶ። የሕንፃ ንድፍ ስማር ከካርቶን የሕንፃ ሞዴል መሥራት አስተምረውን ነበር። ተመርቄ ወደ ከተማዬ ስመለስና ቢሮ ስገባ፣ እዚህ የሚሠራው ሕንፃ ሁሉ አንድ ዓይነት መሆኑን አየሁ፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ ደግሞ ወደ ሰማይ የቆመ ብረት። ያላለቀ ነገር ሞዴል አይሠራለትም። ስለዚህ ወደ መኪና ዞርኩ። መኪና ቢያንስ ሲመጣ አልቆ ነው የሚመጣው።

ለዚህ ሥራ ከቤታችን የተሻለ ቦታ የለም። ከበራችን ፊት ለፊት አስፋልቱ ዳር አንድ ትልቅ የኒም ዛፍ አለ፤ በዚያ በኩል ያለው ጥላ እሱ ብቻ ስለሆነ፣ ሽንኩርት የጫነውም፣ ሰው የጫነውም፣ ምንም ያልጫነውም እዚያ ይቆማል። ሹፌሮቹ ሻይ ሲጠጡ እኔ በመስኮት እያየሁ እስላለሁ። ለሰው የሚመስለው መንገድ ዳር የምትቀመጥ ሴት ልጅ ሹፌር የምታይ ነው። እኔ ሹፌሮቹን አይቻቸው አላውቅም፤ የማየው ፍሬቻውን ነው።

ሰውነቱን ከድልህ ጣሳ እሠራለሁ፣ ወንበሩን ከካርቶን፣ መሪውን ከኤሌክትሪክ ሽቦ። የፊት መስታወቱ የሚሠራው ከራጅ ፊልም ነው። እማዬ ባለፈው ዓመት ቦኖ ውሃ ጋ አዳለጠኝ ብላ ደረቷን ራጅ ተነስታ ነበር። ምንም አልተገኘባትም፤ ለኔ ግን ፊልሙ ተገኘ። የራጅ ፊልም በበረኪና ሲታጠብ ጥቁሩ ይለቅና ይጠራል። ያን ሳምንት ውሃ ስላልነበረ በደንብ አላጠብኩትም፤ ከጣሳ በሠራሁት አይሱዙ መስታወት ላይ፣ ጠጋ ብሎ ላየ ሰው፣ የእማዬ ሁለት ጎድኖች ይታያሉ።

አንድ በሽታ አለብኝ፤ ልክ ካልሆነ አይሆንልኝም። አዲስ መኪና ሁሉ ይመሳሰላል፤ አንዱን ከሌላው የሚለየው ጭረቱ ነው። ስለዚህ ጭረቱን እሠራለሁ፤ የተሰነጠቀውን መብራት፣ በገመድ የታሰረውን በር፣ የጎደለውን ቡሎን ሁሉ እሠራለሁ። በሰው ፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ የሚቸግረኝ ሴት ስለሆንኩ፣ በሕይወቴ የምኮራበት ነገር ይኸው ልክነቴ ብቻ ነው። እሱንም የሚያውቁልኝ ሦስት ሰዎች ናቸው፤ አባዬ፣ እማዬና ሰይድ።

ሰይድ አብሮኝ የተማረ ባጃጅ ነጂ ነው። ከአዲስ አበባ ለሚመጡ ሹፌሮች እያዘዘ ኮላ የሚያስመጣልኝ እሱ ነው፤ ለማን እንደሆነ ሲጠይቁት "ለታናሽ እህቴ የትምህርት ቤት ሥራ" ይላል። እህትየዋ ይኸው ስንት ዓመት አንድ ክፍል ስትደግም ኖራለች ማለት ነው። ባጃጁ የሱ አይደለም። ባለቤትየዋ ደብረ ሲና ብርድ ውስጥ ተቀምጣ በስልክ የምታስተዳድር ሴት ናት፤ እዚህ ስንት ዲግሪ ሙቀት እንዳለም ሆነ ባጃጅ እንዴት እንደሚጋጭ ግድ የላትም። ሰይድ ሚስቱ አራስ ናት። ከዚያች ባጃጅ ሌላ መተዳደሪያ የለውም።

አሁን ደግሞ ስለ አህያችን ልንገራችሁ፤ ያለሷ ይህ ወግ አይቆምም።

አባዬ ከመምህርነት ጡረታ ከወጣ በኋላ ወንዙ ዳር ባለችው ማሳው ሽንኩርትና በቆሎ ያለማል። አህያዋን የገዛው ለዚያ ነው። ስለሷ የሚያወራበት አንደበት እኔ በተመረቅኩ ጊዜ አልተገኘም። "ከዚህ ቤት ጨዋዋ እሷ ናት" ይላል፣ እኔና እማዬ ተቀምጠን። "አንድ ቀን ሰው ረግጣ አታውቅም።"

ከጥቂት ወራት በፊት ይህች ጨዋ ኒሙ ሥር ታስራ ሳለ ሰይድ ባጃጁን ከኋላዋ አቆመ። እኔ በመስኮት ሳየው ነበር። አንዴ ጆሮዋን ወደ ኋላ ጣለች፣ ከዚያ የኋላ እግሯን ሰደደች። በባጃጁ ቀኝ ጎን ላይ የኮቴዋ ቅርጽ በማኅተም እንደተመታ ቁጭ አለ።

ሌላ አገር ቢሆን ሰይድ በር አንኳኩቶ "አህያዎ ባጃጄን ረገጠችብኝ" ይል ነበር። እኛ ግን ይሉኝታ የሚባል ነገር አለን። "ጋሽ ታደሰን እንዴት ብዬ?" አለኝ፤ አባዬን ማለቱ ነው። "አስተምረውኛል እኮ። ሠርጌ ላይ መርቀውኛል። አሁን አህያዎ ረገጠችኝ ልበላቸው?" እንዳላየ ሆኖ ሄደ። እኔም ለአባዬ አልነገርኩም። ያደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አህያዋ በረገጠችው ጭቃ ላይ የኮቴዋን ስፋት በማስመሪያ ለካሁ፣ በሃያ አራት አካፈልኩ፣ የክብሪት እንጨት ጫፍ በዚያ ልክ ቀርጬ የጣሳ ባጃጄን ቀኝ ጎን ወጋሁት።

ሰይድ ሲያየው ፊቱ ጠቆረ። "ይቺን ግን ተያት" አለ።

"የት ልተዋት? አለች እኮ።"

"አንቺ ሴትዮ፣ እንኳን ትራፊክ ፖሊስ አልሆንሽ።"

ወደ ቅዳሜው እንመለስ። የተጋጨው የጋሽ ይመር አይሱዙ ነው። ጋሽ ይመር ሽንኩርት ነጋዴ ናቸው፤ ከኒሙ ሥር ሽንኩርት የጫነች መኪናቸው ከፊቷ ሌላ ስለቆመባት ለመውጣት ወደ ኋላ ስትል የቆመውን ባጃጅ ፊቱን መታችው። መብራቱ ረገፈ፣ የፊት ጎማ ክዳኑ ተጨራመተ። ትራፊክ ፖሊስ ይጠራ ያለ ሰው አልነበረም። ትራፊክ ከተጠራ ሁለቱም ወገን ወረቀት ማሳየት አለበት፤ እዚህ ከተማ ደግሞ ወረቀት ማሳየት ከግጭቱ በላይ ያስፈራል። በሽማግሌ ይለቅ ተባለ። አይሱዙዋ ሽንኩርቷን ይዛ ወደ አዲስ አበባ ሄደች። ጋሽ ይመር "ሽንኩርት በዚህ ሙቀት ሽማግሌ አይጠብቅልኝም" አሉ። ባጃጁም ጋራዥ ገብቶ ፊቱም ጎኑም ሳይመሽ ተቀጥቅጦ ቀና፤ ሰይድ ሰኞ ሥራ መግባት አለበት። ስለዚህ ሽማግሌ ሲቀመጥ የሚታይ መኪና አልነበረም። ይህን ያዙልኝ።

ሰይድ ከጋራዥ ሲመለስ መስኮቴ ጋ መጣ። ዓይኔን አያይም።

"ጎኑንም ጨመርኩበት" አለኝ።

"የቱን ጎን?"

"የአህያዋን። ገፍቶ ከኒሙ ጋር አጣበቀኝ፣ ጎኑም የተጨራመተው ያኔ ነው ብዬ ለጋሽ ይመር ነገርኳቸው።"

"ለምን?"

"ሴትዮዋ ፎቶ ላክ አለች፣ ላክሁ። ጎኑስ ምንድን ነው አለች። ምን ልበላት? የጋሽ ታደሰ አህያ ልበላት?" ስልኩን ከኪሱ አውጥቶ አሳየኝ። "ነገ ሽማግሌዎቹ ጥፋቱ ያንተ ነው ካሉ ቁልፉን ለሌላ ልጅ ስጥ ብላኛለች።"

ይታያችሁ። የተጎዳው እውነት እሱ ነው፤ በቆመበት ነው የተመታው። ግን አባዬን ላለማስቀየም የአህያችንን እርግጫ በጋሽ ይመር መኪና ላይ ጫነው። ይህች ከታወቀች ደግሞ ሌላውን እውነቱን ማን ያምነዋል?

እሑድ ከሰዓት ሽማግሌዎቹ እኛ ግቢ ተቀመጡ፤ ከሦስቱ አንዱ አባዬ ስለሆነ። ሁለተኛው ሼህ ሙሄ ናቸው፤ ቀስ ብለው የሚናገሩ፣ መነጽራቸውን ከማድረግ ይልቅ መጥረግ የሚወዱ ሰው። ሦስተኛው ጋሽ ወልዴ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ የአውቶቡስ ሹፌር ሆኖ በጣርማ በር ሲወርድ ሲወጣ ኖሮ ጡረታ የወጣ፤ ከመንዳት የቀረው ማውራት ብቻ ስለሆነ ሲያወራም ማርሽ ይቀይራል። ሰሌን ተነጠፈ፤ በአንድ ወገን ሰይድ፣ በሌላው ጋሽ ይመር። ሼህ ሙሄ ዱዓ አደረጉ፣ ጋሽ ወልዴ አማተበ፣ ክርክሩ ተጀመረ።

"ባጃጅ አልነበረም" አሉ ጋሽ ይመር። "ሹፌሬ በመስታወቱ አይቶ ነው ወደ ኋላ የሄደው። ከየት መጣ ሳይባል መጥቶ ተለጠፈ።"

"ቆሜ ነበር፣ ጋሽ ይመር። ሻይ ስጠጣ እኮ አይተውኛል።"

"ሻይ ስትጠጣ አየሁህ። ባጃጁን መቼ አየሁት?"

ጋሽ ወልዴ ነገሩ በዓይን ካልታየ አይገባም አለና ጫማውን አወለቀ። "ይህች አይሱዙዋ ትሁን።" የሼህ ሙሄን ጫማ ደግሞ ከኋላዋ አስቀመጠና "ባጃጇ" አለ። ችግሩ የሼህ ሙሄ ጫማ ከጋሽ ወልዴ ጫማ የሚበልጥ መሆኑ ነው። ጋሽ ይመር ወዲያው "ባጃጅ ከአይሱዙ ይበልጣል እንዴ?" ብለው ተቃወሙ። ጫማዎቹ ተለዋወጡ። አባዬ የኒሙ ዛፍ እንዲሆን የራሱን ጫማ አቆመ፤ ዛፉ ሁለት ጊዜ ወደቀ። ትንሽ እንደቆዩ የትኛው ጫማ የትኛው መኪና እንደሆነ ተምታታባቸውና ሼህ ሙሄ አይሱዙዋን አድርገው ለመነሳት ሞከሩ።

እማዬ በዚህ መሀል ውሃ ይዛ መጣች። እናቶች የልጅን ምስጢር የሚያወጡት በክፋት አይደለም፤ ከኩራት ነው፣ ከክፋት ይልቅ የሚያስፈራውም ለዚህ ነው።

"ለምን የልጄን መኪኖች አታመጡም?" አለች። "ሁለቱም አሉ። ከነ ቀለማቸው።"

እኔ በሩ ጀርባ ነበርኩ። የሰይድን ፊት አየሁት፤ ጠዋት የተቀባ የጋራዥ ቀለም ይመስላል።

"ምን መኪኖች?" አለ ጋሽ ወልዴ፤ ድምፁ ከዓመታት በኋላ ሞተር እንደተነሳለት ሰው ነው።

አባዬ ጠራኝ። እምቢ ማለት አልችልም፤ የምችል ሰው ብሆን ኖሮ ብዙ ነገር እምቢ ባልኩ። ክፍሌ ገብቼ አይሱዙዋን በግራ እጄ አነሳሁ፣ ባጃጁን በቀኝ። በዚያች ሰዓት ጎኑን በማንኪያ ጀርባ ማቅናት እችል ነበር። ማንኪያውንም አነሳሁ። ግን ያን ባጃጅ ስሠራ የከረምኩት ልክ እንዲሆን ነው፤ እጄ አልታዘዘኝም። ያደረግኩት የፈሪ ሰው ነገር ነው፤ ኮቴዋን በአውራ ጣቴ ሸፍኜ ወጣሁ።

ሰሌኑ ጫፍ ላይ ቁጭ ብዬ ሁለቱንም በእጄ እንደያዝኩ አሳየኋቸው። ከዚያ ጋሽ ይመር "ይቺ ናት የኔ መኪና?" አሉ።

"አዎ፣ ጋሼ" አልኩ፤ የሰማኝ ሰሌኑ ብቻ ነው።

"ለምን ይህን ያህል አሳነስሻት?"

"ሁሉንም እኩል ነው የቀነስኳቸው።"

"ባጃጁ ድሮም ትንሽ ነው፤ ይቀነስ። የኔን ምን አድርጋሽ ነው?"

ሼህ ሙሄ መነጽራቸውን ጠርገው መስታወቱን ተመለከቱ። "ይህ ደግሞ ምን ይሆን፣ ልጄ? ነጭ ነጭ ነገር።"

"የእማዬ ጎድን ነው።"

"አልሐምዱሊላህ" አሉ፤ ምን ማለት እንዳለባቸው ጠፍቷቸው ይመስለኛል።

ጋሽ ወልዴ አይሱዙዋን ከእጄ ነጥቆ ሰሌኑ ላይ ተንበርክኮ መንዳት ጀመረ። በአፉ ሞተር አስነሳ። አንደኛ ማርሽ፣ ሁለተኛ ማርሽ። ባዶዋን ትዘላለች ብሎ ከወጥ ቤታችን አንድ ሽንኩርት አስመጥቶ ጫነባት፤ አንዱ ሽንኩርት መኪናዋን ሞላት። ጋሽ ይመር ሽንኩርቱን አገላብጠው አዩና "ይህ የኔ አይደለም፤ የኔ አንደኛ ደረጃ ነው" አሉ። ሽንኩርቱ የአባዬ ማሳ ፍሬ ነበር። አባዬ ያን ንግግር ወደ ልቡ ሲያስገባት አይቻለሁ።

"በይ ባጃጁን ልቀቂው" አለኝ ጋሽ ወልዴ።

"እኔ ልያዘው።"

"ቆሞ ነው የተመታው እየተባለ አንቺ ምን ትይዢዋለሽ?"

"ጎማው ልቅ ነው፤ ይወድቃል።"

እኔ፣ ዘመድ ቤት እንግዳ ሲመጣ ጓዳ የምደበቅ ሴት፣ ሽማግሌዎች መሀል ተንበርክኬ ባጃጅ ስይዝ አስቡኝ። ጋሽ ወልዴ ኋላ ማርሽ አስገብቶ መጣና ገጨኝ። "አልሆነም፤ ከዚህ ጋ ነው የተነሳው" ብሎ ተመልሶ እንደገና ገጨኝ። ሰይድ ገፍቶ ከኒሙ ጋር አጣበቀኝ ብሎ ነበርና፣ ዛፍ ሆኖ በቆመው የአባዬ ጫማ ላይ እያጣበቀ ደጋግሞ ገጨኝ። በየግጭቱ ባጃጁን ከነአውራ ጣቴ አዞራለሁ። ጣቴ ደነዘዘ፣ ላቤ በጣሳው ላይ ይወርዳል። ሰይድ ከወዲያ በኩል የሚያየው ሰሌኑን ሳይሆን ጣቴን ነው። ባጃጁን ሲነዳ እንኳ መንገዱን እንደዚያ አተኩሮ አይቶ አያውቅም።

ሼህ ሙሄ "እንግዲህ ጋሽ ወልዴ፣ ፍርዱ እንዳያመልጠን" ባይሉት እስከ ማግስቱ በገጨኝ። ቆም ሲል ግን፣ ዕድሜውን ሙሉ መስታወት እያየ የኖረ ሰው ነውና፣ አይሱዙዋን ወደ ዓይኑ አስጠጋ።

"የቀኝ ስፖኪዮዋ የት አለ?"

የቀኙ ስፖኪዮ ወደ ኒሙ በኩል ያለው፣ ባጃጁ የቆመበትን የሚያሳየው መስታወት ነው።

"ረስታው ነው" አሉ ጋሽ ይመር ፈጠን ብለው። "የኔ መኪና ምኗም አልጎደለ። ልጅ ናት፤ ረስታው ነው።"

አባዬም፣ ነገር ለማብረድ ብሎ፣ "ረስተሽው ይሆናል፣ ልጄ" አለ።

እስቲ በኔ ቦታ ሁኑ። "አዎ፣ ረሳሁት" ብል ሁሉም በሰላም ይሄዳል፤ ቁልፉን ከሚያስረክበው ከሰይድ በቀር። "አልረሳሁም፤ የሠራሁት ሁሉ ልክ ነው" ብል ደግሞ ከጣቴ ሥር ያለችውም ልክ ናት ማለት ነው። ይህን ሁሉ አሰብኩ ብላችሁ ግን ዋሸኋችሁ። ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እኔን ረሳች አሉኝ። ያን መኪና ስሠራ የተሰበረውን የስፖኪዮ እግር ከሽቦ ቀርጬ፣ ጫፉን አዝጌ ያስቀመጥኩ ሴት ረሳች ተባልኩ።

"አልረሳሁም" አልኩ። ድምፄ ለራሴም አዲስ ሆነብኝ። "እግሩ አለ፣ መስታወቱ የለም። ከተሰበረ ቆይቷል። እኔ የማየውን ነው የምሠራው፤ እዚህ ላይ የጎደለ ነገር ካለ መኪናው ላይም ጎድሏል።"

ጋሽ ወልዴ ጣቱን በሽቦዋ ላይ አሳለፈና ሳቀ። "ይመር፣ ሹፌርህ በየትኛው መስታወት ነው ያየው?"

ጋሽ ይመር ነጋዴ ናቸው፤ ሲሸነፉ ዝም አይሉም። እኔን ቀና ብለው አዩኝ። "የማይረሳ ሰው ከሆንሽ" አሉ ቀስ ብለው፣ "እስቲ ጣትሽን አንሺ።"

አነሳሁ። ምን አደርጋለሁ?

ሼህ ሙሄ መነጽራቸውን አውልቀው እንደ ማጉያ በባጃጁ ጎን ላይ አቆሙት። ረጅም ጊዜ ተመለከቱ። "አይሱዙ" አሉ በመጨረሻ፣ "ኮቴ አለው እንዴ?"

ሰይድ ጉልበቱ ላይ ተደፋ። ጋሽ ይመር "ይኸው፣ ይኸው" እያሉ ተነሱ። "አህያ የረገጠውን ነው በኔ ላይ የጫነው። ይህን የዋሸ ቆሜ ነበር ያለውንስ ምን አውቄለት?"

"የማን አህያ ናት?" አለ አባዬ፣ በዳኛ ድምፅ።

ዝም ማለት ይቻል ነበር። ነገር ግን ዓመቱን ሙሉ የማይናገር ሰው አንዴ ከጀመረ ፍሬኑ የት እንዳለ አያውቅም። "የኛ ናት" አልኩ። "የኋላ ቀኝ እግሯ ነው። ለክቼዋለሁ። ሰይድ አንተን እንዳያስቀይም ብሎ ነው ያልተናገረው።"

አባዬ መጀመሪያ እኔን አየ፣ ቀጥሎ ሰይድን፣ ቀጥሎ ከቤቱ ጀርባ ያለችውን አህያ በግድግዳው ውስጥ የሚያያት ይመስል ወደዚያ ዞረ። "የኔ አህያ" አለ፣ "አንድ ቀን ሰው ረግጣ አታውቅም።"

እማዬ የውሃውን ጆግ አስቀመጠች። "ታደሰ" አለች በቀስታ፣ "መስታወቱ ላይ ያለው ጎድን የማን መሰለህ?"

"የአንቺ ነዋ። ቦኖው ጋ አዳልጦሽ…" አለና ቆመ።

"ቦኖው ጋ ምን ያዳልጣል? ውሃ በሌለበት ሳምንት።"

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሥርዓት ነው ብዬ ልጽፈው አልችልም። ጋሽ ወልዴ ሰሌኑ ላይ ተጋድሞ ይስቃል። ሼህ ሙሄ በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል። ጋሽ ይመር መቆጣት ፈልገው ነበር፤ ግን በመኪናቸው መስታወት ላይ የሰው ሚስት ጎድን እንዳለ ትዝ ሲላቸው እሳቸውንም አሸነፋቸው። ያልሳቅነው አባዬ፣ ሰይድና እኔ ነን።

ፍርዱ ተሰጠ። የባጃጁን ፊት የጋራዥ ወጪ ጋሽ ይመር ይከፍላሉ፣ ለመኪናቸውም ስፖኪዮ ይገዛሉ። ጎኑን አባዬ ይችላል፤ ከሽማግሌነቱ ተነስቶ ተከሳሹ ወገን እንዲቀመጥ ተደርጎ ነው የተነገረው፣ ያውም በራሱ ግቢ። ሰይድ የአህያ ዕዳ በሰው ላይ ስለጫነ የጋሽ ይመርን ጉልበት ስሞ ይቅርታ ጠየቀ። ከዚያ ሼህ ሙሄ ደብረ ሲና ደወሉ። "ልጁ ጥፋት የለበትም" አሉ ለባለቤትየዋ፤ "ቆሞ ነው የተመታው። ጎኑን የመታችው ሌላ ናት… አይ፣ መንጃ ፈቃድ የላትም… አህያ ናት፣ ልጄ፣ አህያ።" ስልኩን ዘግተው ወደ ሰይድ ዞሩ። "ቁልፉ ካንተ ጋ ይቆይ ብላለች።" ሰይድ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ያን ጊዜ ጣቴ ላይ ደም መልሶ ሲዘዋወር ተሰማኝ።

መኪኖቼ ግን አልተመለሱልኝም። ጋሽ ወልዴ "እነዚህ ለሽምግልናው ይቀመጡ" ብሎ ሁለቱንም በፌስታል ጠቅልሎ ወሰዳቸው፤ ሽንኩርቱንም ጭምር። ሲወጣ ሞተር በአፉ አስነስቶ ነበር። "አንድ አምቡላንስ ጨምሪበት፤ ጋሪም ያስፈልጋል" ብሎኛል። ጋሽ ይመር በበኩላቸው በሩ ላይ ዘወር ብለው ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። "ለኔም አንድ ሥሪልኝ። ስፖኪዮዋን አስገቢላት። ደግሞ ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ትበል፤ ሰው አያውቅም።"

አባዬ ያን ምሽት አላነጋገረኝም። እራቱን በላ፣ ለአህያዋ ሣር ሰጠ፣ ተኛ።

በማግስቱ ጠዋት ቢሮ ከመሄዴ በፊት እንደ ልማዴ መስኮቴ ጋ ወረቀትና ማስመሪያ ይዤ ተቀመጥኩ። ኒሙ ሥር አንድም መኪና አልነበረም። አንድ አይሱዙ መጣ፣ ፍጥነቱን ቀነሰ፣ ሹፌሩ ወደ መስኮቴ አየ፣ ረዳቱ አንድ ነገር ነገረው፣ ነድቶ አለፈና ወዲያ ማዶ ፀሐዩ ላይ ቆመ። ቀጥሎ የመጣው ሚኒባስም እንደዚያው። ወሬው ከሽንኩርት መኪና ቀድሞ ነበር የደረሰው። እዚህ ከተማ ሰው መኪናው ቢቀልጥ ይመርጣል እንጂ ጉድለቱን የሚቆጥርበት ሰው ፊት አያቆምም። የቆመው ሰይድ ብቻ ነው። የተቀባውን ቀኝ ጎን ወደ እኔ አዙሮ ክላክስ ነፋና "አይተሻል? ምንም የለም" ብሎ ሄደ።

የቀረችው አህያዋ ናት። ጥላው ሥር ታስራ ቆማለች፣ ጨዋ ሆና።

ወረቀቴን ይዤ ወጣሁ። የቀረብኳት ከፊት በኩል ነው። የአንገቷን ርዝመት ለክቼ የሆዷን መስመር ማስመር ስጀምር ከጀርባዬ የእግር ድምፅ ሰማሁ። አባዬ ቀረብ ብሎ ወረቀቱን ከትከሻዬ በላይ ያያል። በጣቱ የአህያዋን ጀርባ አመለከተ።

"ጭነሽ ሥሪያት" አለ። "የምትራገጠው ባዶዋን ስትሆን ነው።"

ጆንያውን አምጥቶ ራሱ ጫነባትና፣ መለካቱን እስክጨርስ ድረስ ገመዷን ይዞልኝ ቆመ።